የትምህርት ቤት የአደጋ ልምምድ፦ ከጠረጴዛው እስከ ግቢው፣ ደረጃ በደረጃ

ልምምዱ ሲያልቅ ሁሉም ያጨበጭባል። ልጆቹ ወጥተዋል፣ ፎቶ ተነስቷል፣ ሪፖርት ለወረዳ ተልኳል። በማግስቱ ሄዳችሁ ብታዩ ግን የኋላው በር አሁንም በሰንሰለት ታስሯል። ብዙ ትምህርት ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልምምድ የሚደረገው የማይሠራውን ነገር ለማግኘት ነው። አንድም ጉድለት ሳይገኝ ካለቀ በደንብ አልፈለጋችሁም ማለት ነው።

ይህ መመሪያ ለርዕሰ መምህራን፣ ለዩኒት ሊደሮችና ለወላጅ ኮሚቴዎች ነው። ለምሳሌ የያዝኩት አዲስ አበባ ውስጥ በየሰፈሩ የምናየውን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው፦ ጂ ፕላስ ሦስት ሕንፃ፣ አንድ ዋና በር፣ ግራውንድ ላይ የምገባ ወጥ ቤት፣ ጠበብ ያለ ግቢ። አደጋው ከወጥ ቤቱ የሚነሳ እሳት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥን መጨረሻ ላይ አመጣዋለሁ። የመጀመሪያውን ዙር ለመጨረስ ሦስት ሳምንት ያህል ያዙ።

1. አንድ ጥያቄ ምረጡ

“ግንዛቤ መፍጠር” ዓላማ አይሆንም። በሰዓት ወይም በቁጥር የሚመለስ ጥያቄ ጻፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው ይህን ነው፦

“ደወሉ ከተደወለ ጀምሮ እያንዳንዱ ተማሪና ሠራተኛ ተቆጥሮ ‘ሁሉም አለ’ እስኪባል ስንት ደቂቃ ይፈጃል?”

አምስት ጥያቄ በአንድ ቀን ለመመለስ የሞከረ አንዱንም አይመልስም። እሳት ማጥፊያ አጠቃቀም፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ልጅን ለወላጅ ማስረከብ፣ ሁሉም የየራሱ ቀን ይኑረው።

2. ሕንፃውን በእግራችሁ ዙሩ

አንድም ልጅ ከማስወጣታችሁ በፊት ከጥበቃው ጋር ሆናችሁ ከላይኛው ፎቅ ጀምራችሁ ውረዱ። በወረቀት ፕላን አትተማመኑ።

- ቁልፍ፦ እያንዳንዱን በር በእጃችሁ ክፈቱ። “ይከፈታል” የሚል መልስ አትቀበሉ። ቁልፉ ስንት ቅጂ አለው? ማን ኪስ ውስጥ ነው ያለው?
- ደረጃ፦ ከደረጃው ሥር የተከመረውን የተሰበረ ዴስክ አስነሱ። የላላ መደገፊያ ካለ ሳይጠገን ልምምዱ አይደረግ።
- መስኮት፦ ፍርግርጉ በብየዳ የተዘጋ ከሆነ ክፍሉ መውጫው በሩ ብቻ ነው። እንዲህ ያሉ ክፍሎችን ምልክት አድርጉባቸው።
- እሳት ማጥፊያ፦ የግፊት ጠቋሚው መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆን አለበት። ፒኑ አለ? ሲሊንደሩ ከቁም ሳጥን ጀርባ አልተደበቀም?
- መሰብሰቢያ ቦታ፦ ከሕንፃው፣ ከአጥር ግንብና ከመብራት ሽቦ የራቀ ይሁን። ከተቻለ የሕንፃውን ቁመት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ራቁ። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መንገድ ላይ ልጆችን አታሰልፉ።
- ዋናው በር፦ ስፋቱን ለኩ። በሩ ላይ ሁልጊዜ የሚቆም መኪና ካለ ባለቤቱን ዛሬውኑ አነጋግሩ።

አንድ ቀን ለታዛቢነት በተጠራሁበት ትምህርት ቤት የኋላው በር ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር። እሱም የጥበቃው ቀበቶ ላይ ታስሯል። ደወሉ ሲደወል ጋሼ ምሳ ሊበሉ ወጥተው ነበር። ስልክ ተደወለላቸው፣ እያለከለኩ መጡ፣ በሩ ተከፈተ። ዘጠኝ ደቂቃ። ስልሳ ያህል ልጆች ያንን ዘጠኝ ደቂቃ በሩን ፊት ለፊት እያዩ ቆመዋል። ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ትምህርት ቤት ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ቁልፍ ነው።

መውጫ በር ልጆች ባሉበት ሰዓት አይቆለፍ። ሌባ ካሰጋችሁ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መቀርቀሪያ አስገጥሙ።

3. ሰው መድቡ

ርዕሰ መምህሩ ሁሉንም ልምራ ቢሉ በትሕትና እምቢ በሏቸው። የሚያስፈልጉት እነዚህ ናቸው፦

- የልምምዱ መሪ፦ ያስጀምራል፣ ያስቆማል። የማምለጡ ሥራ ውስጥ ራሱ አይገባም።
- የደኅንነት ተጠሪ፦ ልጅ ሊጎዳ ሲል ማንንም ሳያስፈቅድ የማስቆም ሥልጣን አለው።
- ታዛቢዎች፦ በየደረጃው አንድ፣ በመሰብሰቢያው አንድ፣ በዋናው በር አንድ። ሰዓትና ወረቀት ይዘው ያዩትን ይጽፋሉ። አይረዱም፣ አያርሙም።
- ሰዓት ያዥ፦ አንድ ሰው፣ አንድ ሰዓት።

ታዛቢዎቹን ከተቻለ ከውጭ አምጡ። የጎረቤት ትምህርት ቤት መምህር ወይም ከወላጆች መካከል ነርስ የሆነች ካለች በጣም ትጠቅማለች። የራስን ቤት ጉድለት ማየት ይከብዳል።

4. መጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ ተለማመዱ

የዓለም ጤና ድርጅት የሲሙሌሽን ልምምዶችን በአራት ይከፍላቸዋል። አንደኛው የጠረጴዛ ውይይት ነው። ሁለተኛው አንድን ተግባር ደጋግሞ መለማመድ ነው፣ ለምሳሌ ሕንፃ ለቆ መውጣት። ሦስተኛው ቢሮና ስልክ ሁሉ እንደ እውነቱ የሚሠራበት የአሠራር ልምምድ፣ አራተኛው ሜዳ ላይ የሚደረግ ሙሉ ልምምድ ነው። ለትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ። ግን ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። ጠረጴዛ ላይ ያልተፈታ ግራ መጋባት ደረጃ ላይ ግፊያ ይሆናል።

አንድ ሰዓት ተኩል ያዙ። ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ሰው ይበቃል። ጥበቃውን፣ የወጥ ቤት ሠራተኛዋንና የጽዳት ሠራተኛዋን አትርሱ። እሳቱን መጀመሪያ የምታየው የወጥ ቤት ሠራተኛዋ ናት። እሷ የሌለችበት ስብሰባ ጎዶሎ ነው።

የግቢውን ካርታ በትልቅ ወረቀት ላይ በእጅ ሳሉና ጠረጴዛው ላይ ዘርጉት። ከዚያ ሁኔታዎቹን በየካርዱ ጽፋችሁ አንድ በአንድ አውጡ። የሚቀጥለውን ካርድ ማንም ቀድሞ አይይ።

- ካርድ 1፣ ረፋድ 4፡20፦ የወጥ ቤት ሠራተኛዋ የቡታ ጋዙ ቱቦ ላይ እሳት አየች። መጀመሪያ የምታደርገው ምንድን ነው? ለማን ትናገራለች? በምን?
- ካርድ 2፣ 4፡21፦ መብራት ጠፋ። ደወሉም ሚኒ ሚዲያውም አይሠሩም። ሦስተኛ ፎቅ እንዴት ይሰማል?
- ካርድ 3፣ 4፡23፦ ጭስ የምሥራቁን ደረጃ ሞላው። በዚያ በኩል የሚወርዱት ክፍሎች የት ይሂዱ? ማን ይነግራቸዋል?
- ካርድ 4፣ 4፡26፦ የ3ኛ “ለ” መምህርት አንድ ልጅ ጎድሎብኛል አለች። ማን ይፈልገዋል?
- ካርድ 5፣ 4፡32፦ ሠላሳ ወላጆች በር ላይ ናቸው። አንዳንዶቹ አጥሩን ሊዘሉ ነው።

እያንዳንዱ ካርድ ላይ “ምን ይደረጋል?” አትበሉ። “አንቺ አሁን ምን ታደርጊያለሽ? እጅሽ ላይ ምን አለ?” በሉ። “እናሳውቃለን” የሚል መልስ ከመጣ፣ “በየትኛው ስልክ? ካርድ አለው? ቁጥሩ የት ተጽፏል?” ብላችሁ ግፉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አይሠራም።

ካርድ 4 ላይ አንድ ደግ መምህር “እኔ እገባለሁ” ማለቱ አይቀርም። ይህን አታሳልፉት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ናዳ ሲወርድ ጎረቤት ለማውጣት የሮጡ ሰዎች በሁለተኛው ናዳ ተቀብረዋል። ደግነታቸውን ማንም አይጠራጠርም። ግን ወደሚቃጠል ሕንፃ ማንም ተመልሶ አይገባም። ልጁ መጨረሻ የታየበት ቦታ ይጻፋል፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ይነገራል። ይህን ውሳኔ ቀዝቀዝ ባለ ሰዓት፣ ጠረጴዛው ላይ ጨርሱት።

*የስልክ ጥሪውን ለብቻው ተለማመዱ።* አንድ ሰው ሌላ ክፍል ተቀምጦ የእሳት አደጋ ስልክ ተቀባይ ይሁን። ሌላው ይደውልለትና አድራሻ ይንገረው። አብዛኛው ሰው እዚህ ይሰናከላል። “ትምህርት ቤቱ ጋ ኑ” ይላል። የመንገድ ስምና ቁጥር በማይነገርበት ከተማ አድራሻ ማለት ምልክት ነው። ሰፈሩ፣ ከየትኛው አደባባይ ወይም ታክሲ ማዞሪያ እንደሚታጠፍ፣ በስተቀኝ ይሁን በስተግራ፣ የበሩ ቀለም። በአራት መስመር ጻፉትና ስልኩ አጠገብ ለጥፉ። ከሥሩ ቁጥሮቹን አስፍሩ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ ለፖሊስ 991።

⚠ በልምምድ ጊዜ እነዚህን ቁጥሮች አትደውሉ። መስመሩን ለእውነተኛ አደጋ ተዉት።

5. ቀድማችሁ ተናገሩ

የመጀመሪያው ልምምድ ድንገተኛ አይሁን። ቢያንስ ከሳምንት በፊት ለወረዳው፣ ለአካባቢው ፖሊስ፣ ለእሳት አደጋ ጣቢያውና ለጎረቤቶች ንገሩ። ለወላጆች ደብዳቤ ላኩ፣ ቴሌግራም ግሩፑ ላይም ለጥፉ። ዋዜማው ላይ ድገሙት። አንድ ጎረቤት በስልኩ ቀርጾ “ትምህርት ቤቱ እየተቃጠለ ነው” ብሎ ከለጠፈ በአሥር ደቂቃ ውስጥ እናቶች ነጠላቸው እየተጎተተ በር ላይ ናቸው።

ለልጆቹም በክፍላቸው፣ በለሰለሰ ቃል አስረዱ። ከግጭት አካባቢ ተፈናቅለው የመጡ ልጆች ካሉ መምህራቸው ለብቻ ታነጋግራቸው። ጩኸትና ሩጫ ምን እንደሚያስታውሳቸው አናውቅም። ከፈለጉ በመጀመሪያው ዙር ከታዛቢ ጎን ይቁሙ። የፍንዳታ ድምፅ፣ እውነተኛ ጭስ፣ የውሸት ደም ለልጆች አትጠቀሙ።

በዊልቸር የሚሄድ፣ የማያይ ወይም የማይሰማ ልጅ ካለ ማን አብሮት እንደሚወርድ በስም ይወሰን። አንድ ሰው ብቻ አይበቃም፣ ተተኪም ይኑረው። እሱንም ልጁን ራሱን ጠይቃችሁ ወስኑ። እንዴት መያዝ እንደሚመቸው ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

የፈተና ሳምንት፣ ዝናብ የሚጥልበት ሰዓትና የምሳ እረፍት ለመጀመሪያ ጊዜ አይመረጡም።

6. የልምምዱ ቀን

1. ከአንድ ሰዓት በፊት፦ መሪው ደረጃዎችንና በሮችን እንደገና ያይ። ታዛቢዎች ቦታቸውን ይያዙ። የሁሉም ሰዓት ይስተካከል።
2. የማስቆሚያ ቃል ተስማሙ። “እውነተኛ አደጋ” የሚለው ይሁን። ይህ ቃል ከተሰማ ልምምዱ እዚያው ያበቃል፣ ሁሉም ወደ እውነቱ ይዞራል። በተቃራኒው፣ በስልክም በቃልም የሚተላለፍ የልምምድ መልእክት ሁሉ “ልምምድ፣ ልምምድ፣ ልምምድ” ብሎ ይጀምር።
3. ምልክቱን ስጡ። የአደጋው ደወል ከክፍለ ጊዜው ደወል የተለየ መሆን አለበት። አጭር አጭር፣ ሳያቋርጥ። ያው ደወል ከሆነ ልጆቹ እረፍት የወጡ ይመስላቸዋል።
4. መምህሯ በሩን ትፈትሽ። በእጇ ጀርባ ትንካው። ከጋለ አይከፈትም። ልምምድ ላይ ባይግልም ታድርገው፣ እጇ ይልመደው።
5. አንድ መስመር፣ በፍጥነት መራመድ፣ ሩጫ የለም። ቦርሳ ይቅር። የክፍል አለቃው ከፊት፣ መምህሯ ከኋላ። አቴንዳንሱን ይዛ ትውጣ።
6. ሁሉም ሲወጣ በሩ ይዘጋ፣ አይቆለፍ። የተዘጋ በር ጭስን ያዘገያል።
7. ጭስ አለ በተባለበት ቦታ ዝቅ ብለው ይሂዱ። ጭስ ወደ ላይ ይወጣል፣ የሚተነፈሰው አየር ያለው ከታች ነው።
8. ሁሉም በቀጥታ ወደ መሰብሰቢያው። መኪናቸውን ለማውጣት የሚሄዱ ሠራተኞች ካሉ ታዛቢው ይጻፋቸው።

*ነገር ሲበላሽ*

- ማንም ካልተንቀሳቀሰ፦ ደወሉ አልተሰማም፣ ወይም ማንም የምር አልመሰለውም። ሁለት ደቂቃ ጠብቁ፣ ጻፉ፣ ከዚያ በፊሽካና በሜጋፎን አስጀምሩ። ይህ ትልቅ ግኝት ነው።
- ደረጃ ላይ ግፊያ ከተነሳ፦ የደኅንነት ተጠሪው ወዲያው ያስቁም። ከላይ ያሉት ባሉበት ይቁሙ፣ የታችኞቹ ይውጡ፣ ከዚያ ፎቅ በፎቅ ይውረዱ። ጊዜው ተበላሸ ብላችሁ አትዘኑ።
- ልጅ ከወደቀ፦ “እውነተኛ አደጋ” በሉና አቁሙ። ለልጁ የሚያስፈልገውን አድርጉ፣ ለወላጁ በዚያው ሰዓት ደውሉ። ልጁ ቤት ገብቶ እስኪናገር አትጠብቁ።
- የሚያለቅስ ልጅ ካለ፦ አንድ የሚያውቀው ሰው እጁን ይዞ ይውጣ። ማልቀሱን ማንም አያንሳበት።

7. ቆጠራው

ከልምምዱ ሥራዎች ሁሉ በላይ የሚበላሸው ይሄ ነው። ልጆች በአራት ደቂቃ ይወጣሉ፣ ቆጠራው ግን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። “ሁሉም ያለ ይመስለኛል” የሚል ቃል አይቆጠርም።

እያንዳንዷ መምህርት ሁለት ካርድ ትያዝ፣ አረንጓዴና ቀይ። በስም ጠርታ ሲሞላላት አረንጓዴውን ከፍ ታድርግ። አንድ ልጅ ከጎደለ ቀዩን ታንሳ። ቆጣሪው አጠገቧ ሄዶ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ የልጁን ስም፣ ክፍሉን፣ መጨረሻ የታየበትን ቦታ። ሜዳ ሙሉ ሰው መካከል እየተጯጯሁ ከመጠያየቅ ካርዱ በብዙ እጥፍ ይሻላል።

ቆጣሪው አንድ ሰው ይሁን። ከአቴንዳንሱ ውጭ ያሉትንም ያስታውስ፦ ሽንት ቤት የነበሩ፣ ለጠመኔ ቢሮ የተላኩ፣ ቤተ መጻሕፍት ያሉ፣ ዘግይተው የገቡ፣ እንግዶች፣ የወጥ ቤት ሠራተኞች። ጥበቃው የዕለቱን የእንግዳ መዝገብ ይዞ ይውጣ።

አንድ ጠቃሚ ፈተና ልንገራችሁ። መሪው ከመምህራኑ ደብቆ አንዲት ጎበዝ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ቢሮ ውስጥ ከአንድ አዋቂ ጋር ያስቀምጥ። ቤተሰቧና እሷ ቀድመው ተስማምተው መሆን አለበት። ከዚያ ስንት ደቂቃ ላይ መጉደሏ እንደሚታወቅ ይለካ። እኔ ባየሁት አንድ ልምምድ ላይ መምህሯ አረንጓዴ ካርድ አነሳች። ስም ሳትጠራ በዓይኗ ቆጥራ ነበር። ልጅቷ ከቢሮ ስትወጣ መምህሯ እንባዋ መጣ። ማንም አልወቀሳትም። በቀጣዩ ዙር በስም የጠራችው ግን እሷ ነበረች፣ ድምፅዋ እስከ አጥሩ ይሰማ ነበር።

8. በዚያው ቀን ተነጋገሩ

ልጆቹ ክፍል ከገቡ በኋላ ሠላሳ ደቂቃ ውሰዱ። ለነገ ካላችሁ ግማሹ ይረሳል። መጀመሪያ የሚናገሩት ዝቅ ያለ ደረጃ ላይ ያሉት ይሁኑ፦ ጥበቃ፣ ጽዳት፣ ወጥ ቤት። ርዕሰ መምህሩ መጨረሻ። እሳቸው “ጥሩ ነበር” ብለው ከጀመሩ ሌላው ሁሉ ያንኑ ይደግማል።

ሦስት ጥያቄ ይበቃል። ምን ሊሆን ነበር የታሰበው? ምን ሆነ? ለምን ተለያየ? “ማን አጠፋ” የሚለውን ማንም አያንሳ። ስብሰባው ጥፋት የሚታደንበት ከሆነ በቀጣዩ ዙር ሁሉም ይደብቃል።

ልጆቹንም ጠይቁ። አንድ ትምህርት ቤት የሁለተኛ ክፍል ልጅ “መሰብሰቢያው ጋ ፀሐይ ስለነበር ሌላ ክፍል ሰልፍ ገባን” አለች። ከትልልቆቹ ማንም አላየውም ነበር።

9. ሠንጠረዡ

ከስብሰባው አንድ ገጽ ይውጣ። አራት ዓምድ፦ ጉድለቱ፣ ማስተካከያው፣ የሚሠራው ሰው ስም፣ ቀኑ። “ትምህርት ቤቱ” ወይም “ኮሚቴው” ስም አይደለም። ለምሳሌ፦

*የኋላው በር አንድ ቁልፍ ብቻ አለው። ከውስጥ የሚከፈት መቀርቀሪያ ይገጠም። የንብረት ክፍል ኃላፊ። እስከ ሚቀጥለው ዓርብ።*

ከስድስት በላይ ጉድለት ካገኛችሁ ሕይወት የሚያድኑትን ሦስቱን አስቀድሙ። ወረቀቱን መምህራን ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ፋይል ውስጥ የገባ ሠንጠረዥ ሞቷል። ለወላጅ ኮሚቴውም አንድ ቅጂ ስጡ፣ ቀኑ ሲደርስ የሚጠይቀው እሱ ነው።

10. ቀጣዮቹን ዙሮች አክብዱ

ሠንጠረዡ ላይ ያለው ሳይሠራ ሁለተኛ ዙር አትጀምሩ። ሲሠራ በየዙሩ አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ።

- ሁለተኛው ዙር፦ አንዱ ደረጃ ላይ “ጭስ” የሚል ቀይ ጨርቅ ሰቅላችሁ ዝጉት።
- ሦስተኛው፦ ርዕሰ መምህሩ “ስብሰባ ሄደዋል”። ማን ይወስናል?
- አራተኛው፦ በእረፍት ሰዓት፣ ልጆቹ ተበትነው ሳለ። እዚህ ላይ ሁሉም ነገር ይለወጣል፣ መምህሯ ተማሪዎቿ አጠገቧ የሉም።
- አምስተኛው፦ የመሬት መንቀጥቀጥ።

የመጨረሻውን ከእሳቱ ጋር አትቀላቅሉት። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽና በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ሲናወጥ አዲስ አበባም ንዝረቱ ደርሶ ነበር። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሠራው ወደ ደረጃ መሮጥ ነው። እሳት ሲሆን ወዲያው መውጣት ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ግን ልጁ ባለበት በርከክ ብሎ፣ ዴስክ ሥር ገብቶ፣ የዴስኩን እግር ይዞ፣ ጭንቅላቱንና አንገቱን ሸፍኖ ንዝረቱ እስኪቆም ይጠብቃል። ከመስኮት ይርቃል። ሲቆም ብቻ ይወጣል፣ ከዚያ በኋላ ቆጠራው ያው ነው።

ለዚህ ልምምድ ደወል አትጠቀሙ፣ የእሳቱን ያስታውሳቸዋል። መምህሯ “መንቀጥቀጥ!” ብላ ትጩህ፣ ሠላሳ ሰከንድ ጮክ ብላ ትቁጠር። ታዛቢው በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ይመዝግብ፦ ቆጠራው ሳያልቅ ስንት ልጅ ወደ በሩ ሮጠ? ቁጥሩ ዜሮ እስኪሆን በየሁለት ሳምንቱ ድገሙት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፣ ክፍለ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት ይሠራል።